የኮሶ ዛፍ ታሪክና የዘር ሀብቱ ጥበቃ

ኮሶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,450 እስከ 3,250 ሜትር ገደማ ባለው የኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። ከሆሳዕና በስተደቡብ በከምባታ ምድር የሚገኘው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአምባሪቾ ተራራም ከፍተኛ ስፍራው በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ጥሬ ሥጋ መብላት በተለመደበት አገር፣ የኮሶ ትልን ለማስወጣት አበባውን ወቅጦና በጥብጦ መጠጣት ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነበር፤ መራራነቱም ምሳሌ እስከ መሆን ደርሷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን እንደ ኒክሎሳማይድ ያሉ እንክብሎች መጡ፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት የሚደርሰው ኮሶም ከመድኃኒትነት እየራቀ ሄደ።

ይህ ለውጥ ለሰው ጤና ሲበጅ ለዛፉ አልበጀም። አበባው የሚፈለግ ዛፍ በቁሙ ይጠቅማል፤ ቀይ እንጨቱ ለቤት ዕቃ የሚፈለግ ዛፍ ግን ወድቆ ነው የሚጠቅመው። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከለከለ።

ይሁን እንጂ ግንዱን ከመጥረቢያ ማዳን ብቻውን ዘሩን ማዳን አይደለም። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ፣ የአበባ ዱቄቱም በነፋስ የሚጓዝ ነው። ለመድኃኒት ይበልጥ የሚመረጠው የሴቴው ቀላ ያለ አበባ ነው፤ ነገር ግን በአጥር ጥግ ብቻዋን የቀረች ሴቴ ዛፍ፣ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ፣ ዘር የማፍራት ተስፋዋ የመነመነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ በእናት ዛፍ በኩል በሚተላለፍ ውርስ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ደኖች ያሉት ኮሶዎች እርስ በርሳቸው በጉልህ እንደሚለያዩ አመልክቷል። ይኸውም የአንዱ ተራራ ኮሶ ቢጠፋ የሌላው ተራራ ዘር ሙሉ በሙሉ አይተካውም ማለት ነው።

እንግዲህ በሀዲያና በከምባታ ትምህርት ቤቶች ኮሶ ሲተከል፣ ዘሩ በአቅራቢያ ካለ ደጋ፣ ከአንድ ሳይሆን ከብዙ እናት ዛፎች ሊለቀም ይገባል። ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት እስኪያብብ ድረስ አይለይምና፣ በርከት አድርጎ መትከል ያስፈልጋል። አበባው ከመድኃኒትነት ቢርቅም፣ የዛፉን ዘር ጠብቆ ለተተኪው ትውልድ ማስረከብ የዛሬው ትውልድ ኃላፊነት ነው።