ብዕርና መጥረቢያ፤ በትሪኒቲ ወንዝ ዳር ስለ ተተከለው የዳላስ ሰፈራ

ስለ ዳላስ አመሠራረት የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን የሚጀምሩት፣ ጆን ኒሊ ብራያን የተባለ የቴነሲ ተወላጅ በ1841 (በአውሮጳውያን አቆጣጠር) በኖቬምበር ወር ወደ ትሪኒቲ ወንዝ መጥቶ በምሥራቃዊው አፋፍ ላይ ብቻውን መጠለያ እንደ ቀለሰ በመተረክ ነው፤ ይህም የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉበት ወር ነው። ትረካው ሐሰት የለበትም። ይሁን እንጂ በዚያ ምድር ከመጥረቢያው አስቀድሞ ብዕር ደርሶ ስለ ነበረ፣ የሰፋሪውን ኑሮ ሊመረምር የሚወድ ሰው ከጎጆው ይልቅ ውሉንና መዝገቡን ቢያስቀድም ይበጀዋል እላለሁ።

በዚያው ዓመት ኦገስት 30 ቀን፣ ገና ከአሜሪካ ኅብረት ያልገባው የቴክሳስ ሪፐብሊክ ከዊልያም ፒተርስና ከባልንጀሮቹ ጋራ በሰሜኑ ምድር ሰፋሪዎችን አምጥተው እንዲያሰፍሩ ተዋዋለ፤ የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ወሰን ወደ ደቡብ በተስፋፋ ጊዜም የብራያን ቦታ በውስጡ ገባ። ባለትዳር የሆነ ሰፋሪ 640 ኤከር፣ ማለት በእኛ ልክ ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል፣ ላጤውም የዚህን እኩሌታ ያገኝ ዘንድ፣ ቤት ሠርቶ፣ አጥሮና አርሶ ሦስት ዓመት መቀመጥ ነበረበት፤ ማኅበሩ ግን ስለ ቅየሳው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ባሩዱና አንዳንድ ጊዜም ስለ ሠራለት ጎጆ ዋጋ፣ ከሰፋሪው ድርሻ እስከ እኩሌታው ድረስ ለማስቀረት ይችል ነበር። ርስት በትውልድ ቈጠራ በሚገኝበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ሥርዐት እንግዳ ይመስለው ይሆናል፤ በቀላድ የተለካውን መሬት ታሪክ ያነበበ ግን የመለኪያውን ገመድ የያዘ ሰው ኃይሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃልና ብዙም አይደነቅም።

የዳላስ ምድር መረሬ ነው። እንደ በቾ ሜዳ ሲደርቅ ተሰንጥቆ አፉን ይከፍታል፣ ሲርስ ከእግርና ከማረሻ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሰፊውን የሣር ሜዳ ትተው እንጨትና ውሃ ወደሚገኝበት ወደ ወንዝ ዳር የተጠጉት የሜዳውን ለምነት ባለማወቅ ሳይሆን፣ ለዘመናት የተጠላለፈውን የሣር ሥር ገልብጦ ለማረስ ብርቱ ማረሻና ብዙ ጥማድ በሬ ያስፈልግ ስለ ነበረ ነው። የሾኽ ሽቦ ገና ስላልተፈለሰፈም፣ ቦዳርክ የሚሉትን እሾኻም ዛፍ አጥር አድርገው ይተክሉት ነበር፤ እንጨቱ የማይበሰብስ በመሆኑ ለቤት መሠረት፣ ኋላም ለከተማው መንገድ ንጣፍ አገልግሏል።

ምድሪቱ ግን ባለቤት የሌላት ባድማ አልነበረችም። ብራያን ከመምጣቱ ከስድስት ወር በፊት ጄኔራል ታራንት ሰባ ያህል ሰው አስከትሎ፣ ዛሬ በአርሊንግተንና በፎርት ዎርዝ መካከል ባለው ወንዝ ዳር የነበሩትን የካዶና የሌሎችን ነገዶች መንደሮች ወግቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1843 በበርድ ምሽግ የሰላምና የንግድ ኪዳን ቢታሰርም፣ በቴክሳስ መሬት ተከልሎላቸው የነበሩት የካዶ ሰዎች በ1859 ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተሰደዱ። ባሮቹም እንዲሁ በሰፋሪዎች ዜና መዋዕል ውስጥ እምብዛም አይነሡም፤ በግብር መዝገብ ላይ ግን ከፈረስና ከከብት አጠገብ ተቈጥረው ይገኛሉ። በ1860 ከዳላስ አውራጃ 8,665 ነዋሪዎች 1,074ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ።

የሰፋሪውንና የማኅበሩን ጠብ ወደ ፍጻሜ ያደረሰው የ1852 ዓመት ነው። የማኅበሩ ወኪል ሄንሪ ሄጅኮክስ፣ ይዞታውን እስከ ጁላይ 4 ቀን ያላስመሰከረ ሰፋሪ መብቱን እንደሚያጣ ዐዋጅ ቢያወጣ፣ ጆን ጉድ የተባለው ሰው መቶ ያህል የታጠቁ ሰዎችን ከዳላስ መርቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዘመተ፤ ወኪሉም አገሩን ለቅቆ ሸሸ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ዘማቾቹ የማኅበሩን መዝገብ እንደ ማቃጠል ወደ ዳላስ ፍርድ ቤት አምጥተው ማስቀመጣቸው ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ ያስጨነቃቸው ወረቀት ነገ ጠበቃቸው ሊሆን እንደሚችል የገባቸው ይመስለኛል። በሚከተለው ዓመት የቴክሳስ ምክር ቤት ሕጉን ለሰፋሪዎቹ በሚስማማ አኳኋን አሻሻለው። ብራያንም በዚያው በ1852 የቀረውን ቦታና የመሻገሪያ ጀልባውን መብት ለአሌክሳንደር ኮክሬል በ7,000 ዶላር ሸጠ።

ከወንዙ ማዶ በ1855 ላ ሬዩኒዮን በሚል ስም የሰፈሩት የፈረንሳይ፣ የቤልጂግና የስዊስ ሰዎች፣ በቪክቶር ኮንሲዴራን መሪነት የፉሪየርን የማኅበር ኑሮ ሊፈጽሙ የመጡ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሰዓት ሠሪና ሙዚቀኛ ሲበዛ ገበሬው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ድርቅና ውርጭም ስለ ተጨመረባቸው፣ ማኅበሩ በ1857 ፈረሰ። አእምሮአቸው ግን ለዳላስ ተረፈ፤ ዕፀዋትን በመመርመር የታወቀው ዡሊየን ሬቨርሾን ከእነርሱ ወገን ነው።

ዳላስን ከጎረቤት መንደሮች የለያትም ሌላ ጽሑፍ ነው። ከደቡብ የመጣው ባቡር በ1872 ከገባ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው የቴክሳስና ፓሲፊክ መስመር ከተማዋን በስተ ደቡብ ርቆ ሊያልፍ ታስቦ ሳለ፣ የዳላሱ እንደራሴ ጆን ሌን ሐዲዱ በብራውደር ምንጭ አጠገብ ይለፍ የሚል አንድ ሐረግ በሕጉ ውስጥ አስገባ፤ ምንጩ ከዳላስ አንድ ማይል ያህል ብቻ የሚርቅ መሆኑን ግን ድምፅ የሰጡት ባልንጀሮቹ አላወቁም ነበር። ሐዲዱ በ1873 ገባ፤ በ1880 በተደረገው ቈጠራም የከተማው ሕዝብ 10,358 ሆኖ ተገኘ።