እውነት የመሰለው መርማሪ

ለመሆኑ «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለውን ቃል ከሕግ መጽሐፍ አንብበን ያወቅነው ስንቶቻችን እንሆን? ብዙዎቻችን የሰማነው ከአሜሪካ የፖሊስ ፊልም ነው። ድራማ የሕግ መምህር ለመሆን የበቃበት መንገድ ግን የራሱ ታሪክ አለው። (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1948 ጃክ ዌብ የተባለ ተዋናይ በአንድ የወንጀል ፊልም ውስጥ አነስተኛ ሚና ነበረው። የፊልሙ አማካሪ የነበረ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ፣ ከእውነተኛ የፖሊስ መዝገብ ታሪክ እየወሰደ ቢሠራ እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበለት። ከዚህ የተወለደው «ድራግኔት» በ1949 በሬዲዮ ጀመረ፤ በ1951 ዲሴምበር ደግሞ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳጅን ጆ ፍራይዴይ የሚራቀቅ ጀግና ሳይሆን ደመወዝተኛ ነው። በር ያንኳኳል፣ ስልክ ይደውላል፣ ምስክር ይጠይቃል፣ ቅጽ ይሞላል። በመጨረሻም ተከሳሹ ምን እንደተፈረደበት ለተመልካቹ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ይህ እውነትነት ዋጋ ነበረው። ዌብ መዝገቡንና የባለሙያ ምክሩን ሲያገኝ፣ ድርሰቱን ለፖሊስ መሥሪያ ቤቱ እያሳየ ነበር። ስለዚህ ጠረጴዛውና ባጁ የእውነት ሆነው ሳለ፣ እስረኛ የሚደበድብ ፖሊስ በዚያ መስኮት እምብዛም አይታይም ነበር። ድራማው በቴሌቪዥን በጀመረበት በዚያው ወር፣ በገና ዕለት፣ የከተማይቱ ፖሊሶች ሰባት እስረኞችን ክፉኛ ደበደቡ፤ ስምንት ፖሊሶችም ተከሰሱ።

በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚራንዳ ጉዳይ፣ የተያዘ ሰው ቃሉን ከመስጠቱ በፊት መብቱ እንዲነገረው ወሰነ። «ድራግኔት» በ1967 ሲመለስ ፍራይዴይም ማስጠንቀቂያውን ያነብ ጀመር። ሌሎች ድራማዎች ተከተሉት። በ2000 ያው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሲያጸና፣ ማስጠንቀቂያው የአገሪቱ ባህል አካል ሆኗል እስከማለት ደረሰ።

ወደ እኛ እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. (1961) የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፣ የተያዘ ሰው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ይህም እንዲነገረው፣ የሰጠው ቃልም ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ደንግጓል። ይኸውም ከሚራንዳ ውሳኔ 5 ዓመት አስቀድሞ ነው! የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ይህንኑ አጽንቷል። የራሳችንን ሕግ ከባዕድ ድራማ መማራችን ያሳዝናል። የድራማውን ፖሊስ ስናይም፣ ወንበሩና ቅጹ ትክክል መሆኑ አይብቃን፤ ድርሰቱን አስቀድሞ ያነበበው ማን ነው ብለን እንጠይቅ።