ተጠየቅና ሽምግልና፦ ዘመዳሞች እንዴት ይሟገቱ ነበር

ዘመናዊ ፍርድ ቤት እስኪስፋፋ ድረስ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሙግት የቃል ነበር። «በላ ልበልሃ» ወይም «ተጠየቅ» በሚባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ያለ ማመልከቻ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጠበቃ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገበያ ዳር በተቀመጠ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ዳኛው የግድ ሹም መሆን አልነበረበትም። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ» ተባብለው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አቋጥረው አላፊ አግዳሚውን ዳኝነት ይጠይቁታል። እሱ ያልጨረሰው ነገር ወደ አገሩ ሹም፣ ከዚያም በደረጃ እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ዙፋን ችሎት ይወጣል።

ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዱላውን ይዞ ይነሣል። ወዲያው ወደ ነገሩ አይገባም፤ ቤት በሚመታ ንግግር ፈጣሪን፣ ንጉሡንና ዳኛውን ያወድሳል፣ እግረ መንገዱንም ባላንጣውን ይሸነቁጣል። ከዚያ «ተጠየቅ» ሲል ያኛው «ልጠየቅ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው አጭር፣ ማምለጫም የሌለው ሲሆን ታዳሚው ያደንቃል። ነገሩ ሲከር አንዱ ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ይወራረዳል፤ ውርርዱን መሸሽ በራስ ቃል አለመተማመን ሆኖ ይታያል። የውርርዱ ተጠቃሚ ደመወዝ የሌለው ዳኛው ስለነበረ፣ ክርክሩ ቶሎ እንዲበርድ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም። ችሎት ላይ የተቀመጡት ሰዎች ፍርድ የሚሰጡት ከታናሽ ጀምሮ ወደ ታላቅ ነው፤ ታላቁ ከቀደመ ታናሹ ያሰበውን አይናገርምና።

የዚህ ችሎት ዋና ደንበኛ ዘመድ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፣ ወንዱም ሴቷም በብዙ አያቶች በኩል መሬት መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚከሰሱት ደግሞ መሬቱን ይዘው የሚያርሱት የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ክርክሩ የትውልድ ቆጠራ ነው፦ መሬቱን መጀመሪያ የያዘው አባት እነማንን ወለደ፣ ከሳሹ በየትኛው ልጅ በኩል ይመጣል፣ ድርሻው ማን እጅ ላይ ነው። ስለዚህም የዘር ሐረጉን በቃሉ የያዘ ሽማግሌ የሚከበረውን ያህል ይፈራል።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይባል እንጂ ሁለቱ የሚያዙበት መንገድ ለየቅል ነው። የባልና የሚስትን ጠብ አደባባይ ማውጣት ነውር ነበር። ሚስት አኩርፋ እናትና አባቷ ቤት ትገባለች፤ ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ያጋቧቸው ሰዎች፣ የነፍስ አባት ወይም ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ጎረቤቶች ናቸው። ባልና ሚስቱን ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ የአንዱን ክፉ ቃል ለሌላው አያደርሱም። በተጠየቅ የሚያስመሰግነው አሽሙር እዚህ ያስገሥጻል። በዘመዳሞች መካከል በደሉ ሲከብድ ደግሞ ያጠፋው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባል ቀና አይልም።

ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልማዳዊ ደንቦችን በጅምላ ቢሽርም ሽምግልናን ለትዳር ጉዳይ አስቀርቶታል። የባልና ሚስት ክርክር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተሰጠ፤ ፍቺውን የሚወስኑትም እነሱ ሆኑ። እንደ ዝሙትና ቤት ጥሎ እንደ መሄድ ላለ ከባድ ምክንያት ተጠያቂ የሆነው ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ስለነበር፣ ጥፋተኛውን ለይቶ ማስፈረድ ጥቅም አስገኘ። ሕጉ እዚህ ላይ ሳተ ማለት ይቻላል፦ ለማስታረቅ የተቀመጠ ሰው ፍርድም ከሰጠ፣ ባለጉዳዮቹ ሊረቱበት እንጂ ሊታረቁበት አይቀርቡትም።

የርስቱ ሙግት ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ነው፤ የዘር ቆጠራ ከዚያ ወዲያ መሬት አያስገኝም። በላ ልበልሃም በጽሑፍ አቤቱታ ተተክቶ ከችሎት ወደ ባህል መድረክ ዞሯል።

ፍቺን ለፍርድ ቤት የሰጠው በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ለመፋታት ጥፋተኛ መፈለግ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁ ዕድል ሊሰጥ ይችላል፤ ካልሆነላቸው ግን ፍቺውን የሚወስነው ራሱ ነው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ አማራን ጨምሮ በርካታ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።