ወይን የሌለው ወይና ደጋ፦ የፎገራ ሩዝና የሙቀት ታሪክ

“ወይና ደጋ” የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል? የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍ ላይ በቆላና በደጋ መሀል ተጽፎ፣ ለፈተና ተሸምድዶ፣ ከፈተና በኋላ ተረስቶ ይሆናል። እስቲ ዛሬ ቀስ ብላችሁ በሉት። ወይን፣ ደጋ። ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። አያቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው አገሩን በሙቀት ሲከፋፍሉ፣ ለመሀለኛው ክፍል መለኪያ ያደረጉት ተክል ነው። ወይን የሚወደው አየር እንዲህ ያለ አየር ነው አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አሁን ደግሞ መኪናችንን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ እናስኪድ። ወረታን አልፈን አዲስ ዘመን ሳንደርስ ይፋግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ አውቶቡሱ ብዙም ሳይቆምባት ያልፋታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ ስሟ የገነነ ገበያ ነበረች። የሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመጣባታል፣ ቀረጥ ይከፍልባታል፣ ያርፍባታል። በዚያ ዘመን ያለፉባት የአውሮፓ ተጓዦች ታዲያ ከገበያዋ ሌላ አንድ ነገር ያነሱላታል፤ ወይኗን። በዚህች ምድር “ወይና ደጋ” የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በዓይን የሚታይ፣ በዋንጫ የሚቀዳ ነገር ነበር።

ዛሬ ይፋግ ብትወርዱ ዓይናችሁ የሚያርፈው በሩዝ ማሳ ላይ ነው። ስሙ ቀርቷል፣ ተክሉ ተቀይሯል። ወይኑን ሙቀት አባረረው ልላችሁ አይደለም። ተክል ከአንድ አገር የሚሰደደው በበሽታም፣ በገበያም፣ በጦርነትም ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው፦ በዚህ ሜዳ ላይ የሚቆየውንና የሚሄደውን ተክል ከሚወስኑት አንዱ ዲግሪ ነው። ስለ ዝናብ ሁላችንም እናወራለን። ስለ ዲግሪ ግን ማን ያወራል?

ከብርድ አገር የመጣ እንግዳ

የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ መሬት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ለብዙ ሰብል ይህ ውሃ መርገም ነበር። ገበሬው የሚጠብቀው ውሃው እስኪሸሽ ነው፤ ከዚያ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ረግረጉ ደግሞ የከብት ግጦሽ ነበር፤ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው።

ሆኖም በዚያው ረግረግ ውስጥ ማንም ያልዘራው የዱር ሩዝ በራሱ ጊዜ ይበቅል ነበር። ተፈጥሮ “ይሄ መሬት ለሩዝ ይሆናል” ብላ የጻፈችው ደብዳቤ በሉት። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው የተገኘው በደርግ ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ወደ አካባቢው መጡ፤ የሩዝ ዘርም ይዘው ነበር። ዘሩ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ ተሞከረ። ከነዚያ ዘሮች አንዱ ቀናውና “ኤክስ ጅግና” የሚል ስም ወጣለት። ደርግ ወደቀ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ኮሪያውያኑም ሄዱ። ዘሩ ግን ከገበሬ ወደ ገበሬ፣ ከጎታ ወደ ጎታ እየተላለፈ ሜዳውን ሞላው።

ለምን ኤክስ ጅግና ቀናው? እዚህ ላይ ነው ዲግሪ የሚገባው። ሩዝ ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው ሞቃታማ የእስያ አገር ነው። ፎገራ ግን ወይና ደጋ ናት። በሰኔ የተዘራ ሩዝ ዛላ የሚይዘውና የሚያብበው የክረምቱ ደመና ሲገፈፍና ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ የጥቅምት ብርድ ለሰውም ለተክልም ፈተና ነው። የሩዝ ዛላ ገና በአገዳው ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ፣ የአበባው ብናኝ በሚሠራባቸው ጥቂት ቀናት፣ ሙቀቱ ከ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ብናኙ ይመክናል። ከሩቅ ሲያዩት ማሳው ያማረ ይመስላል። ሲያጭዱት ግን ዛላው ባዶ ቅርፊት ነው።

ሰሜን ኮሪያ ደግሞ የሩዝ ሜዳ ቢኖራትም የብርድ አገር ናት። ከዚያ የመጣ ዘር ብርድን ያውቃል። ሞቃት ቆላ ተወልዶ ያደገ ዘር ቢመጣ ኖሮ የፎገራ የሩዝ ታሪክ ከጅምሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። የአንድ ሜዳ እጣ በጥቂት ዲግሪዎች ሲወሰን እንግዲህ እንዲህ ነው።

ብርድ የሚሠራውን ለማየት ጃፓንን ጎብኝተን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1993 የጃፓን በጋ ሳይሞቅ አለፈ። በቴክኖሎጂ የሚታሙ አይደሉም፤ ምርምሩም መስኖውም አላቸው። ግን የዚያን ዓመት የሩዝ ምርታቸው ከመደበኛው ሩብ ያህል ቀነሰና፣ ከውጭ ሩዝ እንዳይገባ በሩን ዘግቶ የኖረ አገር ከታይላንድና ከሌሎች አገሮች ለመግዛት ተገደደ። የሰሜን ጃፓን ገበሬ ብርድ ሲመጣ የሚያደርገው አንድ ብልሃት አለ፤ ማሳው ላይ ውሃውን ከፍ አድርጎ ይሞላል። ውሃ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ በአገዳው ውስጥ ያለውን ዛላ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል።

ሙቀትስ?

“ብርድ ጠላት ከሆነ ሙቀት ወዳጅ ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። ለፎገራ ሩዝ ትንሽ ሞቅ ያለ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ስጦታ ሊመስል ይችላል። ግን እያንዳንዱ ተክል ወለል እንዳለው ሁሉ ጣሪያም አለው።

ሰው ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል፣ ኮቱን ያወልቃል። ተክል የትም አይሄድም። ያለው መላ ማላብ ነው፤ በቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃ እያስተነፈሰ ራሱን ያቀዘቅዛል። ውሃው ሲያጥር ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ ምግብ የሚሠራበት አየርም አይገባለትም። ጥማትና ረሃብ በአንድ ጊዜ ይይዙታል ማለት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ላይ ያስቀመጣችኋት የአበባ ማሰሮ እኩለ ቀን ላይ አንገቷን የምትደፋው ለዚህ ነው።

የሩዝ አበባ የሚከፈተው ረፋድ ላይ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ብናኙ በወጉ አይረግፍም፣ ቢረግፍም አይዘራም። ውጤቱ ከብርዱ ጋር አንድ ነው፤ ባዶ ቅርፊት። 35 ዲግሪ ለፎገራ ጥቅምት ገና ሩቅ ነው፣ እውነት ነው። የሚያሳስበው ሌሊቱ ነው።

ተክል ቀን የሠራውን ስኳር ሌሊት በመተንፈስ ያወጣዋል። ሌሊቱ በሞቀ መጠን ወጪው ይበዛል፤ ቀን የተገኘ ደሞዝ ሌሊት እንደሚያልቅ ቁጠሩት። ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በተቋሙ እርሻ ላይ የዝቅተኛው (ማለትም የሌሊቱ) ሙቀት 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሩዙ ምርት 10 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይተዋል። ኢትዮጵያም እየሞቀች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ከሞቃት ቀናት ይልቅ በፍጥነት የተበራከቱት ሞቃት ሌሊቶች ናቸው። ማንም ሳያየው፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ።

በፎገራ ሙቀትን ቀድሞ የሚቀምሰው ሩዙ ላይሆንም ይችላል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ገበሬው ከርብና ከጉማራ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ይህ ሥራ የዓመቱ ሞቃት ወራት ከሆኑት ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጋር ይገናኛል። ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ፣ ቀኑም ከ32 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አበባው ፍሬ ሳይዝ መርገፍ ይጀምራል። ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬው የጠፋ ማሳ ያየ ሰው “ዘሩ ነው፣ ማዳበሪያው ነው” ይላል። ዲግሪው ግን ሳይከሰስ ያልፋል።

ጣሪያ ሥርም ቢሆን

“በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቢተከልስ?” ትሉኝ ይሆናል። በ2000ዎቹ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንደ እንጉዳይ የፈሉትን የአበባ እርሻዎች አስታውሱ። ጽጌረዳዎቹ ጣሪያ አላቸው። ባለሀብቱ ግን ቦታ ሲመርጥ አንደኛው ጥያቄው ከፍታ ነበር። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሆለታ በቀዝቃዛ ሌሊቷ አበባውን ቀስ ብላ ታሳድገዋለች፤ ራሱ ትልቅ፣ ግንዱ ረጅም ይሆናል። 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ዝዋይ ሞቃት ስለሆነች አበባው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዛቱም ይጨምራል፣ ራሱ ግን ያንሳል። ፕላስቲኩ ዝናብና ነፋስ ይከላከላል። ሙቀትን ግን ያምቃል እንጂ አያስቀርም፤ መስኮቱን ከፍቶ የሚያስወጣው፣ በጥላ መረብ የሚያበርደው ሰው ያስፈልጋል። ጣሪያ ሥር ያለ ተክልም የአገሩ አየር እስረኛ ነው።

አንድ ዘር ላይ የተጣለ ዕጣ

ወደ ሜዳችን እንመለስ። ሩዝ ዛሬ ለፎገራ እንግዳ አይደለም። ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄ ይወጣዋል፣ ጭዱ ለከብት ይቀርባል። በእኛ ሚሊኒየም መባቻ መንግሥት “የሚሊኒየም ሰብል” ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ2010 አገር አቀፍ የሩዝ ስትራቴጂ ወጣ። ኋላም ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተሠራ። “ዕድገት”፣ “ሻጋ”፣ “ዋንዛዬ” የሚባሉ አዳዲስ ዝርያዎችም ተለቀቁ። ጥሩ ነው።

ነገር ግን ይህ ሜዳ ለአሥርተ ዓመታት የኖረው በአንድ እንግዳ ዘር ላይ ተደግፎ መሆኑን አንርሳ። ኤክስ ጅግና የቀናው ለትናንቱ ብርድ ነው። ለነገው ሌሊት የሚሆን ዘር ዛሬ ካልተፈለገ መቼ ይፈለጋል? ይህን ሥራ ሌላ ቦታ ሠርተነዋል። በአፋር ወረር ላይ ያለው የምርምር ማዕከል፣ ስንዴ የደጋ ሰብል ነው በሚባልበት አገር፣ የቆላ ሙቀት የሚችሉ የስንዴ ዝርያዎችን አውጥቷል። በአንድ ማዕከል የተቻለ ነገር በሌላው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ገንዘብና ሰላም ነው። አንድን ዝርያ አጥርቶ ለገበሬ ማድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ መንገድ ሲዘጋና የምርምር ማሳ ሰው ሲያጣ እነዚያ ዓመታት ይባክናሉ።

እኛ የከተማ ልጆች ሩዝ ሲወደድ ነጋዴውን እንረግማለን፣ መንግሥትን እናማለን። ሁለቱም የየድርሻቸውን ይወስዱ ይሆናል። ወረታ አካባቢ ያለ አንድ ዛላ በሞቃት ሌሊት ስኳሩን ሲያቃጥል ግን ዋጋው ከገበያ በፊት እዚያ ላይ ተወስኗል። ይፋግ ወይኗን ሸኝታ ስሙን ብቻ አስቀርታለች። ሩዙ ከሄደ ግን ለሜዳው ሰው ስም ብቻ ቀርቶ አይበቃም፤ የዓመት እንጀራው ነውና።

ቸር እንሰንብት።