የይለፍ ቃልና የጠረጴዛ ኮምፒዩተር

ከብዙ ዓመታት በፊት አራት ሆነን በአንድ ኮምፒዩተር እየተፈራረቅን የምንጽፍበት ቢሮ ነበር። ከአራታችን አንዱ፣ ጠንቃቃው፣ መሣሪያው ገና ሲበራ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጎ አዘጋጀውና ቃሉን ለማንም ሳይናገር ለለቅሶ አገር ቤት ሄደ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ ቃሉን ካልነገራችሁኝ ብሎ ተገተረ። ሰውዬውን በስልክ ማግኘት አይቻልም፤ ጽሑፉ ደግሞ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ደርሷል። የተጠራው የጥገና ባለሙያ ግን ነገሩን ከቁም ነገር እንኳ አልቆጠረውም። ክዳኑን ፈታ፤ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ነቀለ፤ ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ መልሶ ሰካት። መሣሪያው ማንንም ሳይጠይቅ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሁላችንም ጽሑፍ፣ የዚያ የጠንቃቃው የግል ደብዳቤዎች ጭምር፣ እንዳለ ተቀምጧል።

ታዲያ ያ ቃል ይጠብቅ የነበረው ምኑን ኖሯል? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል እንጂ ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

የይለፍ ቃል ጥንት የወታደር ነገር ነበር። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ የሮማ ሠራዊት የዕለቱን ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከጓድ ወደ ጓድ እንዴት ያስተላልፍ እንደነበር፣ ሰሌዳው ሳይጨልም ካልተመለሰም የቀረበት ክፍል እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ተርኮልናል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ደግሞ በዮርዳኖስ መሻገሪያ አንዲት ቃል አቃንተው መጥራት ያቃታቸው የኤፍሬም ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው አንባቢ ያውቀዋል። ወደ ኮምፒዩተር የገባው ግን በዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። ምክንያቱም የጦር ምሥጢር ሳይሆን ወረፋ ነበር።

በ1961 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚጋሩበትን ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ። ያኔ ኮምፒዩተር ማለት ትልቅ ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋውም በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነገር ነበር። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፋይሎችና በሰዓት የተመደበለት ድርሻ ስላለው፣ አንዱ በሌላው ስም እንዳይገባ ለየሰዉ ቃል ተሰጠው።

ቁልፉ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተሰበረ። አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በ1962 በሳምንት የተመደበለት 4 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ለጥናቱ ደግሞ አልበቃውም። የማንኛውንም ፋይል ቅጂ በወረቀት ለማግኘት የፋይሉን ስም በካርድ ላይ በስቶ ማስገባት ይበቃ ነበር። ሸር አንድ ዓርብ ማታ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ የተመዘገቡበት ፋይል እንዲታተም ካርዱን አስገባ፤ ቅዳሜ ማለዳ ሄዶ ዝርዝሩን ከመደርደሪያው አነሣ። ከዚያ ወዲያ በሌሎች ስም እየገባ ሥራውን ቀጠለ። ድርጊቱን ለኮርባቶ የተናዘዘው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

በ1966 የደረሰው ደግሞ ሌባ እንኳ አላስፈለገውም። ሁለት የሥርዓቱ ኃላፊዎች በአንድ ሰዓት፣ አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን መዝገብ ሲያርሙ፣ ሁለቱ ጊዜያዊ ፋይሎች ተቀያየሩ። ውጤቱም በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የገባ ተጠቃሚ ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉም ሰው ቃል ታትሞ ደረሰው።

ከእነዚህ አጋጣሚዎች የምንረዳው፣ ድክመቱ ከቃሉ ይልቅ በመዝገቡ ላይ እንደነበረ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከእንግሊዝ፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ሮጀር ኒድሃምና ባልደረባው በ1960ዎቹ ያሰቡት ዘዴ ከወፍጮ ጋር ይመሳሰላል፤ ጤፍ ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄት ግን ተመልሶ ጤፍ አይሆንም። መሣሪያው የሚያስቀምጠው የቃሉን ዱቄት ብቻ ነው። ሰው ሲመጣ ያመጣውን ቃል ፈጭቶ ዱቄትን ከዱቄት ያስተያያል። መዝገቡ ቢሰረቅም ቃሉ በቀጥታ አይነበብም።

የቀረው ችግር የሰው ነው። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጥናት 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው 86 በመቶው ወይ እጅግ አጭር፣ ወይ ከመዝገበ ቃላት የተወሰደ፣ ወይ በሌላ መንገድ በቀላሉ የሚገመት ሆኖ አገኙት። አሥራ አምስቱ አንዲት ምልክት ብቻ ነበሩ!

እንግዲህ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ነበረ። ሆኖም አይ.ቢ.ኤም. በኦገስት 1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ምንም የይለፍ ቃል አልነበረውም። ስሙ እንደሚለው ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ወረፋ የለም፤ ቤቱን የሚጋራው የለምና በር ለምን ያስፈልገዋል? በ1984 የወጣው ኤ.ቲ. የተባለው ተከታዩ ከፊቱ እውነተኛ የብረት ቁልፍ ነበረው። ሲቆለፍ ኪቦርዱም አይሠራም፣ ክዳኑም አይከፈትም። ይህ ጸሐፊ ያንን ብረት አይንቀውም፤ የእኛን ባትሪ ያድናት ነበርና። በ1987ቱ ፒ.ኤስ.2 ሲበራ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል መጣ። ቃሉ የሚኖረው በባትሪ ኃይል በሚቆይ ትንሽ ማኅደር ውስጥ ስለነበር ባትሪው ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። ቃሉን ለረሳ ባለቤት መውጫ ነው፤ መፍቻ ለያዘ ሌላ ሰውም እንዲሁ።

በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95ም ስምና ቃል ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን ኢስኬፕ የምትባለዋን ቁልፍ የነካ ሰው ያለ ቃል ይገባል። ያ መጠይቅ የተሠራው ለኔትዎርክና ለየሰዉ የገጽታ ምርጫ ስለነበር መሣሪያውን ራሱን አይዘጋም፤ በየቢሮው ግን ስንቱ በእሱ ተማምኖ ደብዳቤውን፣ ደመወዝ መዝገቡን አኑሯል። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን.ቲ. በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር፤ ያለ ቃል አያስገባም፣ ማን የትኛውን ፋይል እንደሚያይም ይወስናል። እሱም ቢሆን ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ መሣሪያ ላይ ከተሰካ ምንም አይከላከልም። ጽሑፉን ራሱን በዲስኩ ላይ በምሥጢር ፊደል የሚለውጥ ዘዴ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው በ2000 ነው፤ ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስኩን ክፍል በሙሉ የሚሸፍነው ደግሞ በ2007፣ ያውም በአንዳንዶቹ እትሞች ብቻ። የጠንቃቃውን ባልደረባችንን ደብዳቤዎች ሊጠብቅ ይችል የነበረው እንዲህ ያለው ዘዴ ነበር።

ኮርባቶ በ2019 በ93 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ ለአንድ ጋዜጣ ሲናገር የይለፍ ቃል ነገር ቅዠት እንደሆነበት ገልጾ ነበር። የራሱንም ቃሎች ለማስታወስ በወረቀት ላይ ዘርዝሮ ይይዝ እንደነበር ተናዟል።