«ገና አልደረሳችሁም»

በትምህርት ቤት የክርክር መድረኮች የማይጠፉ ሦስት ርዕሶች አሉ፤ የዜጎች መብት፣ የአገሮች ግንኙነትና የወጣቱ ግብረገብ። ደጋፊና ተቃዋሚ ይሟገታል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ለመሆኑ ሦስቱ በእርግጥ ሦስት ናቸው? መልሱን ፍለጋ ጄኔቭ ድረስ እንሄዳለን፤ የምንነሳው ግን ከጭሮ ነው።

ጭሮን ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግዛቱን በሞዴልነት ሲያደራጁ መቀመጫቸው ያደረጓት ከተማ ናት። ሰውዬው በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ታሪክ ግን ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በሦስት ሥራዎች ነው። ሦስቱም ከሦስቱ የክርክር ርዕሶች ጋር ይገጥማሉ… አጋጣሚው ይገርማል!

አንደኛ፣ ግብረገብ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የጻፉት እሳቸው ናቸው። አውሬዎችን እያናገሩ የሹማምንቱን ብልሹነት ነቀፉ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ልብ በሉ፣ የታገደው ብልግና አልነበረም፤ ተግሣጽ ነበር። ሕዝቡ ምን ማየት እንዳለበት የሚወስንለት ሌላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መብት። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ምሳሌ የሆናቸው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሰነዱ ያለ ሕግ መታሰርንና ቤት መበርበርን ይከለክላል፣ የደብዳቤን ምሥጢር ይጠብቃል። የመናገርና የመጻፍ ነጻነት ግን የለበትም፤ የጃፓኑ፣ በሕግ ወሰን ውስጥም ቢሆን፣ ነበረው። ተውኔቱ የታገደበት ሰው ባረቀቀው ሕግ ውስጥ! በአንቀጽ 32 ደግሞ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ናቸው፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ። ጥፋቱን ሁሉ በአርቃቂው ላይ አንጭንም፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ግን «እስኪበቃ ድረስ» የምትለዋን ሐሳብ ያዙልን።

ሦስተኛ፣ የአገሮች ግንኙነት። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተክለ ሐዋርያት ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ወክለው ቆሙ። ኢጣልያ የባርነትን ጉዳይ እየጠቀሰች ኢትዮጵያ ከሠለጠኑት ጋር በእኩልነት ለመቀመጥ አልበቃችም ብላ ክስ አቀረበች። ባርነቱ እውነት ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩን ስትቀላቀልም ልታጠፋው ቃል ገብታለች። ከሳሿስ? በራሷ ምድር ፓርቲንና ጋዜጣን ያፈነች የፋሺስት ኢጣልያ ናት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረረችን። ማኅበሩ ወራሪነቷን አረጋገጠ፣ ማዕቀብም ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልነካም።

እንግዲህ ሦስቱን አያይዟቸው። ቤተ መንግሥቱ ለተመልካቹ፣ ሕገ መንግሥቱ ለሕዝቡ፣ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ገና አልደረሳችሁም። ኢጣልያ ስትለው ስድብ መሆኑ ለሁላችንም ገባን። እኛው ለእኛው ስንለው ግን ምክር ይመስለናል።

ዛሬም በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ ስለ ወጣቱ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ጫት ላይ ያርፋል። ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም፤ ጫት ለገበሬው ገቢ፣ ለተማሪው ግን ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ችግሩ ጨዋታው በዚህ አለማብቃቱ ነው። «ይቅማል» የሚለው ወቀሳ ሳናስተውለው «ስለዚህ አይጠየቅም፣ አይመርጥም፣ አይናገርም» ወደሚል ፍርድ ይሻገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት 18 ዓመት ለሞላው ሲሰጥ የጨዋነት ፈተና አላስቀመጠም፤ አንቀጽ 29ም ሐሳብን የመግለጽ መብትን ለምስጉኖች ብቻ አላለም።

ደግሞስ መብቃት የሚመጣው ከየት ነው? ዋና ሳይገቡ መዋኘት የለም። ሳይመርጥ መምረጥን፣ ሳይናገር መናገርን የተማረ ሕዝብ የቱ ነው?

ተክለ ሐዋርያት ከረጅም ስደት ሲመለሱ ኑሯቸውን ሂርና ላይ በእርሻ አደረጉ። ዛሬ የሂርና ተማሪዎች ለክርክር ሲወጡ አንድ ርዕስ ብንጨምርላቸውስ? «መድረሳችንን የሚወስነው ማን ነው?» ደጋፊና ተቃዋሚውን እናንተው ምረጡ።