ሥራን በጽሑፍ የመያዝ ዘዴና የአእምሮ ዕረፍት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ጽሑፍን ከመርሳት መዳኛ አድርጎ ያቀርበዋል። ተግባርን መዝግቦ መያዝ አእምሮንም የሚያሳርፍ መሆኑ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው፤ ወደዚህ ግንዛቤ የተደረሰውም በፋብሪካ በኩል ታልፎ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥራ ሁሉ በየክፍሉ ተተንትኖና በሰዓት ተለክቶ እንዲመራ አስተማረ። ባልደረባው ሄንሪ ጋንትም ሥራንና ጊዜን በአንድ ገጽ የሚያሳየውን፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሠንጠረዥ አስፋፋ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት አቅላጮች በሰዓት መለካትን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። የአሜሪካ ምክር ቤትም ጉዳዩን መርምሮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመሰል ፋብሪካዎች ለዚህ ተግባር ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ።

በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የሚውል ባለሙያ ድካም ግን በሰዓት ቆጣሪ የሚደረስበት አይደለም፤ የሚያደክመው የሠራው ብቻ ሳይሆን ያልጨረሰውም ጭምር ነውና። በበርሊን የኩርት ሌቪን ተማሪ የነበረችው ብሉማ ዘይጋርኒክ በ1927 ባወጣችው ጥናት፣ ሰዎች ከፈጸሙት ይልቅ በመካከል ያቋረጡትን ተግባር አብልጠው እንደሚያስታውሱ ገለጸች። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ውጤት ሁልጊዜ ባያረጋግጡትም፣ ያልተቋጨ ሥራ አእምሮን እንዴት ይይዛል የሚለው ጥያቄ ጸንቶ ቆየ።

አማካሪው ዴቪድ አለን በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ አንድ ሥርዓት አቀረበ፤ ይኸውም በሐሳብ ያለውን ሁሉ መዝግቦ ማውጣት፣ ለእያንዳንዱ ቀጣዩን ተጨባጭ ርምጃ መወሰንና መዝገቡን በየሳምንቱ መከለስ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ያልተፈጸመ ግብ ሌላ ሥራን እንደሚያውክ፣ ነገር ግን ገና ሳይፈጸም የተወሰነ ዕቅድ ሲወጣለት ሁከቱ እንደሚረግብ በሙከራ አሳዩ። በ2018 በወጣ ሌላ ጥናትም፣ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉ ወጣቶች፣ የሠሩትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። የተጠኑት 57 ብቻ ስለነበሩ ውጤቱ በጥንቃቄ የሚታይ ነው።

እንግዲህ የአእምሮ ዕረፍት የተገኘው ከፍጥነት ሳይሆን ከውሳኔ ነው። ይሁንና መዝገብ የሥራን ብዛት አይቀንስም። አሥር ሰዓት የሚፈልግ ተግባር በስምንት ሰዓት ቀን ውስጥ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢደረደር ሁለት ሰዓት መትረፉ አይቀርም፤ ይህንንም ትርፍ መዝገቡ በግልጽ ያሳያል። ባለሙያው ይህን ይዞ የትኛው ሥራ እንደሚቀድምና የትኛው እንደሚዘገይ ከኃላፊው ጋር ሊመክርበት ይችላል። በዝምታ ተሸክሞ ራሱን ለማፍጠን ብቻ ከተጠቀመበት ግን፣ የዋተርታውን ሠራተኞች ያልተቀበሉትን ሰዓት በገዛ እጁ በራሱ ላይ ያዞራል።